ዳንቴል ያለበስኩት ሳጥን

የብረት ቆሻሻ ማፈሻዬ ጠርዙ ተጣሟል። መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ልክ አይቀመጥም፤ ጥራጊው በሥሩ ያመልጣል። የሥራ ጓደኞቼ «አስካለ፣ ስቶር ሞልቶ የለ እንዴ? ለምን አዲስ አትቀበይም?» ይሉኛል። አልቀበልም። እንዴት እንደተጣመመ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የምኖረው ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። የምሠራው ወተት ፋብሪካ ውስጥ ጽዳት ነው። ባሌ ቶለሳም እዚያው ፋብሪካ ቦይለር ላይ ይሠራ ነበር። ነፍሱን ይማረውና በሕመም ከተለየን ብዙ ዓመት ሆነው። አንዲት ልጅ ትቶልኛል፤ ሌንሳ ትባላለች። ከሱ ሞት ወዲህ እኔ ፈሪ ሆንኩ። በፊት እንዲህ አልነበርኩም። ልጄ መንገድ ላይ ስትሆን ስልኬን ከእጄ አልለይም። «ደረስሽ?» እላታለሁ በስልክ። «ደረስኩ እማ» ትለኛለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሜ እደውላለሁ። «እማ፣ የደረሰ ሰው እንደገና አይደርስም እኮ!» ትላለች።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ድሮው ፋብሪካ ልንገራችሁ። ስለ ድሮው ማውራት ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ታገሱኝ።

ድሮ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረም። ቦይለሩ ከግቢው ጀርባ ነበር። የወተት ታንከሮቹ ደግሞ በግቢው ሌላኛው ጫፍ። ታንከሮቹ የሚታጠቡት በእንፋሎት ስለነበር በሁለቱ መካከል አንድ ረጅም የብረት ቧንቧ ተዘርግቶ ነበር። ቶለሳ ቦይለሩ ጋ ቆሞ እንፋሎቱን ይለቃል፤ ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ሰው ታንከሮቹ ጋ ሆነው ያጥባሉ። አንዱ ሌላውን አያይም። በመሐል ያለው ጩኸት ደግሞ የሰው ድምፅ አያሳልፍም። ታዲያ በምን ይነጋገሩ? በቧንቧው! ኦቦ ጉተማ በቁልፍ አንድ ጊዜ ከመቱ «ክፈት» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከመቱ «ዝጋ»። ቶለሳም የሰማውን ያህል መልሶ ይመታል። አንድ ከሰማ አንድ፣ ሁለት ከሰማ ሁለት። ቶለሳ ራሱ መናገር ሲፈልግም እንደዚያው ነው፤ እሳቸው እስኪመልሱለት ድረስ እጁን ቫልቩ ላይ አያሳርፍም።

አንዳንዴ የኦቦ ጉተማ መልስ ይዘገያል። ያኔ ቶለሳ ላቡን እየጠረገ፣ «ኦቦ ጉተማ አፋቸው ውስጥ ጨጨብሳ ካለ እንፋሎት አይሄድም» ይላል።

«ዝም ብለህ ልቀቀዋ! ሁሌም የሚሉህ እሺ አይደል?» እለዋለሁ እኔ ምሳውን ይዤ የቆምኩት።

«ሁሌም እሺ የሚሉት እኮ ስለምጠይቃቸው ነው» ይለኝ ነበር።

አንድ ሌላ ምት ደግሞ ነበር። ሳይቆጠር፣ ሳያቋርጥ፣ በላይ በላዩ የሚመታ። ትርጉሙ «ሁሉንም ጥለህ ውጣ» ነው። ለሱ መልስ የለውም። «የዚህ መልሱ እግር ነው» ይል ነበር ቶለሳ።

ሌንሳ ያኔ ገና ጥርሷን አልለወጠችም። ምሳ ስወስድ ይዣት እሄዳለሁ፤ አባቷ የተገለበጠ የወተት መያዣ የብረት ጋን ላይ ያስቀምጣትና ቁልፉን ይሰጣታል። አንድ ስትመታ ከወዲያ ማዶ አንድ ይመለስላታል። ሳቋ! ቤት መጥታ ደግሞ የአልጋውን ብረት በማንኪያ ሁለት ጊዜ ትመታለች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ሬዲዮውን ዝጊ ማለቴ ነው» ትላለች። ሀ ሁን ሳታውቅ የቧንቧውን ፊደል አወቀች።

ከዚያ ቶለሳ ሞተ። ፋብሪካውም ተለወጠ። አዲስ ቦይለር መጣ፣ ታንከሮቹ ሶዳ በተቀላቀለበት የፈላ ውሃ በራሳቸው የሚታጠቡ ሆኑ። ፎቁ ላይ ኮንትሮል ሩም የሚባል ክፍል ተሠራ። አሮጌው ቧንቧ ግን ሥራ ፈትቶ እዚያው ቀረ። በኮንትሮል ሩሙ በር ፊት ለፊት አልፎ በደረጃው ጎን ወርዶ እስከ ታንከሮቹ አዳራሽ ይሄዳል፤ የነቀለው የለም። እኔ ደረጃውን ስወለውል ሁልጊዜ እሱንም እወለውለዋለሁ። አለቃዬ «እሱን ተዪው፣ ብረት ነው፣ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ አንድ ቀን። የባሌ ድምፅ ያለፈበት ነው ልበለው?

ሌንሳ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብታ ተማረች። በየፋብሪካው እየዞረ ኮምፒውተርና መቆጣጠሪያ የሚተክል፣ የሚጠግን ድርጅት ቀጠራት። ቡራዩ ቤት ተከራየች። ሰኞ ሱሉልታ ናት፣ ረቡዕ ቡራዩ፣ አርብ እኛ ጋ ሰበታ። እኔ በየመንገዱ በስልክ እከተላታለሁ።

አንድ ጊዜ የኛው ኮንትሮል ሩም ውስጥ ስትሠራ እኔ ወለል እየወለወልኩ ነበር። የግድግዳው የኮምፒውተር ቁም ሣጥን ማቀዝቀዣው ተቃጥሎ ስለነበር አንዲት የዳቦ ያህል ጥቁር ሳጥን አውጥታ «ለጊዜው» ብላ መስኮቱ አጠገብ ያለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ብዙ ሽቦ ገብቶባታል። በፊቷ ላይ ደግሞ ጥቃቅን አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኳት።

«ታች ታንከሮቹ ጋ አንድ ኮምፒውተር አለ፣ ቫልቩን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ይሄ እዚህ ያለው ስክሪን ደግሞ ግርማ የሚያዝበት ነው። ሁለቱ የሚነጋገሩት በዚች ሳጥን በኩል ነው።»

«መብራቶቹስ?»

«ሲርገበገቡ እያወሩ ነው ማለት ነው እማ።»

«ሁልጊዜ ያወራሉ?»

«ቀንም ሌሊትም። እንዳንቺ ናቸው፣ ደረስሽ ወይ ይባባላሉ።»

ግርማ፣ ኦፕሬተሩ፣ ሳቀ። ግርማ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የሚመላለስ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ክፍሉን ሳጸዳ ወደ መብራቶቹ እመለከት ነበር። ውሃ ሲቀዱ የሚንሾካሾኩ ሴቶች ይመስሉኛል። እንዳላቋርጣቸው ብዬ በዙሪያቸው ቀስ ብዬ ነው የምጠርገው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በበጋ የኛ መንገድ አቧራ ጉድ ነው። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። አንድ ጠዋት ግርማ ሳጥኗን በጣቱ ጠረግ አድርጎ አሳየኝ። «እትዬ፣ ይቺን ልጅ አቧራ ሊገድላት ነው። አንድ ነገር ያድርጉላት እንጂ» አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ቤቴ ሄጄ አሰብኩበት። እናንተም ቤት ያው ነው መቼም፤ ቴሌቪዥኑን ዳንቴል እናለብሰው የለ? ሬዲዮውንስ? ሶፋውንስ? ክቡር ነገር አይራቆትም። በሦስት ቀን ነጭ ዳንቴል ሠራሁላት፤ ዳር ዳሩ አበባ ያለው። አቧራው በቀዳዳው እንዳይገባ ደግሞ ከሥር ላስቲክ ሰፋሁበት። ሳለብሳት ግርማ እጁን አጨበጨበ።

«እንዴ! ሙሽራ መሰለች!» አለ።

መብራቶቹ ከዳንቴሉ ሥር ሆኑ። አይታዩም። እኔም «ይሁን፣ ብቻ አቧራ አይንካቸው» አልኩ። እስከ አርብ ሌንሳ ሌላ ፋብሪካ ስለነበረች ዳንቴሉን አላየችም።

አርብ ዕለት፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ ሌንሳ መጣች። ወደ ላይ አልወጣችም። ግቢው ውስጥ አገኘኋትና ጉንጯን ሳምኳት። ሦስተኛው ታንከር ውስጥ ያለ የሙቀት መለኪያ ተበላሽቶ ልትቀይረው ነው የመጣችው።

«ውስጥ ነው የምትገቢው?» አልኳት።

«ባዶ ነው እማ። ንጹሕ ነው።»

«ዛሬ አይታጠብም?»

«ይታጠባል። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እያለ በተራ ነው። ግርማ ሦስተኛውን ከተራው ያወጣልኛል።» እዚያው ደወለችለት። «ግሬ፣ ሦስትን አውጣልኝ… ወጣ? እርግጠኛ ነህ? እሺ፣ አመሰግናለሁ።» ስልኩን ዘጋችና «አየሽ? ወጥቷል» አለችኝ። ታንከሩ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይሠራ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ መሬት አስቀመጠች። ኦቦ ጉተማም ነበሩ። አሁን ሸምግለዋል፤ ወተት መቀበያው ጋ ነው የሚሠሩት። ታንከሩ አፍ ላይ ቆመው ሊጠብቋት ነበር የመጡት።

«ኦቦ ጉተማ፣ አደራ» አልኳቸው።

«ሂጂ ወደ ሥራሽ፤ ልጅቷ እንደሆነ የኔም ልጅ ናት» አሉኝ።

የታንከሩ አፍ ከላይ ነው። በውጭ በመሰላል ተወጥቶ፣ በውስጥ በሌላ መሰላል ይወረዳል። አፏ ጠባብ ናት፤ ትከሻን ሰብሰብ አድርጎ ነው የሚገባው። የልጄ አናት እስኪጠፋ አይቼ ወደ ላይ ወጣሁ።

ግርማ በጆሮ ማዳመጫ ዘፈን እየሰማ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ሦስት ታንከሮች ተስለዋል። አንደኛው ሰማያዊ ነው፤ እየታጠበ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ግራጫ ሆኗል። ከአንደኛው በታች «12» የሚል ቁጥር አለ። ቁጥር አውቃለሁ። ለማለቅ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀረው ማለት እንደሆነ ግርማ ድሮ ነግሮኛል።

ወለሉን ከጥግ ጀመርኩ። ከወንበሩ ሥር ጠረግኩ፣ በማፈሻው አፈስኩ፣ ወለወልኩ። ውሃው ቆሸሸብኝና ወርጄ ቀይሬ ተመለስኩ። ቀና ስል «12» ነው።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። መወልወያዬን ጨመቅኩ። ሌላ ጥግ ወለወልኩ። እንደገና አየሁ። «12»።

«ግርማ» አልኩት። አልሰማኝም። ትከሻውን ነካሁት። «ይሄ ቁጥር አይቀንስም እንዴ?»

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አነሳ። «ይቀንሳል እትዬ፣ አንዳንዴ ይዘገያል።»

«እኔ ስገባም አሥራ ሁለት ነበር። ውሃ ቀይሬ መጣሁ እኮ።»

ግርማ ማውሱን ነቀነቀ። «ችግር ቢኖር ቀይ ይላል» አለ። ድምፅም ነበረው፣ ችግር ሲኖር የሚጮህ፤ ግን መብራት በመጣ በሄደ ቁጥር እየጮኸ ስላስቸገረው ካጠፋው ቆይቷል።

እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከመስኮቱ የታንከሮቹ አዳራሽ ጣሪያ ይታያል፤ በየታንከሩ ላይ እንፋሎት የሚወጣባት ጭስ ማውጫ አለች። አንደኛው ላይ ምንም የለም። የሚተነው ሁለተኛው ነው። ነጭ እንፋሎት፣ ወፍራም፣ ከጀመረ የቆየ።

ስክሪኑ አንደኛው ይላል። እንፋሎቱ ሁለተኛው ይላል። ከሁለተኛው ቀጥሎ ማን ነው?

እጄ ቀድሞኝ ዳንቴሉን አነሳ። ሳጥኗ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ትነዳለች፤ ላስቲኩ ተጣብቆባታል። መብራቶቹ… አንዳቸውም አይርገበገቡም። በርተው ቀርተዋል፣ ዝም ብለው። እንደ ሞተ ሰው ዓይን።

«ግርማ! ወሬ አቁመዋል!» ብዬ ጮህኩ።

ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የዘፈኑን ማዳመጫ ወረወረው። ስክሪኑ ላይ ያለውን «አቁም» የሚለውን ነካ። ስክሪኑ ወዲያው «ቆሟል» አለ። ሁለታችንም ጆሯችንን ጣልን። ከታች ፓምፑ ይጮኻል። ቧንቧዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ምንም የቆመ ነገር የለም።

«አልደረሰውም» አለ ግርማ። «ሦስትን ሳወጣም አልደረሰውም። እትዬ፣ ታች ያለው አልሰማም!» እየተንደረደረ ወጣ። እውነተኛው ማቆሚያ፣ ቀዩ ቁልፍ፣ ከወተት መቀበያው ማዶ ፓምፑ ክፍል ውስጥ ነው። ግቢውን ዞሮ ነው የሚደረሰው። በመስኮት አየሁ፤ ከተጂ ከተማ የመጣ የወተት መኪና የመቀበያውን በር ዘግቶ ቆሟል። እዚያ መኪና አጠገብ ደግሞ ማንን አየሁ መሰላችሁ? ኦቦ ጉተማን! ጋን እያወረዱ። «ለአንድ ደቂቃ» ተብለው ተጠርተው መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ልጄ ብቻዋን ናት።

ከመስኮቱ ጮህኩ። ማን ይሰማል? የመኪናው ሞተር፣ ፓምፑ፣ ጋኑ። ደረጃውን ወርጄ፣ አዳራሹን አቋርጬ፣ መሰላሉን ወጥቼ እስክደርስ ደግሞ… ሁለተኛው መቼ እንደጀመረ ማን ያውቃል? አሥር ደቂቃ ይቀረው፣ አንድ ደቂቃ ይቀረው፣ የሚነግረኝ የለም። የሚነግረኝ ነገር ዳንቴል ለብሶ ሞቷል።

ከክፍሉ ስወጣ ቧንቧውን አየሁት።

ለምን እንዳሰብኩት አላውቅም። ያሰብኩትም አይመስለኝም። ማፈሻው በእጄ ነበር። በብረቱ ጠርዝ መታሁት። በላይ በላዩ። ሳልቆጥር፣ ሳላቋርጥ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ። ያ አሮጌ ብረት ስንት ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል አይጮህም እንደሱ። እጄ ነዘረኝ። ማፈሻው ተጣመመ። መታሁት። «ባኢ! ባኢ ሌንሳ!» እላለሁ፤ ውጪ ማለቴ ነው፣ ሲጨንቀኝ የባሌ ቋንቋ ነው የሚመጣልኝ።

ከዚያ ቆም ብዬ ጆሮዬን ቧንቧው ላይ ለጠፍኩ።

መልስ የለም።

ያኔ የተሰማኝን እንዴት ልጻፈው? ለዚህ ምት መልስ እንደሌለው አውቃለሁ። መልሱ እግር ነው። ስለዚህ ዝም ማለቷ እየወጣች ነው ማለት ሊሆን ይችላል። አልሰማችም ማለትም ሊሆን ይችላል። ልጅነቷን ረስታው ሊሆን ይችላል። የሁሉም ዝምታ አንድ ዓይነት ነው። ቶለሳ ይህን አላስተማረኝም።

ደረጃውን እየተንከባለልኩ ወረድኩ ማለት ይቀለኛል። ግማሽ ላይ ስደርስ የፓምፑ ድምፅ ቆመ። ግርማ ደረሰ ብዬ «ተመስገን» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ያ አልነበረም። ቫልቮቹ ሲገለባበጡ ሰማሁ፤ አንዱ ሲዘጋ፣ አንዱ ሲከፈት። ሁለተኛው አልቋል። ፓምፑ እንደገና ተነሳ።

አዳራሹ ውስጥ ስገባ ሦስተኛው ታንከር ላይ የኦቦ ጉተማ ጀርባ ይታየኛል። ግማሽ ሰውነታቸው በታንከሩ አፍ ውስጥ ነው። እኚያ ሽማግሌ ከመኪናው እስከዚያ እንዴት እንደመጡ እስከዛሬ አልገባኝም። ወደኋላ ተንገዳገዱ፤ በሁለት እጃቸው የልጄን ብብት ይዘዋል። ትከሻዋ ወጣ። ወገቧ ወጣ። ሁለቱም እላዩ ባለው የብረት መረማመጃ ላይ ወደቁ። ኦቦ ጉተማ ተነስተው ክዳኑን በእግራቸው ገፍተው ደፉት።

ታንከሩ ከውስጥ አገሳ። በክዳኑ ዙሪያ እንፋሎት ፈነዳ። ያን ድምፅ አልረሳውም። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፤ በኔ ቆጠራ ልጄ ከወጣች አሥር ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ ግርማ ቀዩን ቁልፍ መታውና ሁሉም ነገር ዝም አለ።

ሌንሳ ከመሰላሉ ወረደች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እቅፍ ሳደርጋት ከዓይኗ ዕንባ አልወጣም። እንደ ሕፃን አንገቴ ሥር ገብታ፣

«እማ፣ አባዬ የጠራኝ መሰለኝ» አለችኝ።

ጀርባዋን አሻሸሁላት።

ኦቦ ጉተማ ጋቢያቸውን ከመሬት አንስተው እያራገፉ፣ «ማን ነው የመታው?» አሉ። ማፈሻውን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ እኮ ጆሮዬ አልሰማውም፤ እግሬ ነው የሰማው። ጋኑን የት እንደጣልኩት አላውቅም።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞሩ። «ይቅር በይኝ ልጄ። ከአፉ ላይ አልነቃነቅም ብዬ ነበር። ጠሩኝ፣ ሄድኩ።»

«አንቱ ባይኖሩ አልወጣም ነበር» አለቻቸው። እጃቸውን ይዛ ሳመችው።

አሁን ከሁሉ የከበደኝ ይቀራል።

ሌንሳ ትንሽ ከተረጋጋች በኋላ ወደ ላይ ወጣን። ሥራ አስኪያጁም መጥቷል። ሳጥኗን አየቻት። ወለሉ ላይ የወደቀውን ዳንቴል አነሳችው። ላስቲኩ ቀልጦ አንዱን አበባ ቢጫ አድርጎታል። የኔን እጅ ሥራ የማታውቅ ልጅ ናት?

ግርማ ቀደማት። «ፀሐይ ነው» አለ። «መስኮቱ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ መታት።» ሊሸፍንልኝ ነው። እግዜር ይስጠው። እኔም ለአንድ አፍታ ዝም ልል ነበር፤ አልዋሻችሁም። ሥራዬን አሰብኩ። ከዚያ የታንከሩ ግሳት መጣብኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያለበስኳት። አቧራ እንዳይጎዳት ብዬ ነው። በላስቲክ ሸፍኜ ያፈንኳት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «ልጄን በገዛ እጄ ልቀቅላት ነበር።»

ሌንሳ አጠገቤ ቁጭ አለች። «እማ፣ ስሚኝ። ሳጥኗ አየር ትፈልግ ነበር፣ እሱ እውነት ነው። አንቺ ግን አታውቂም። አየር እንደምትፈልግ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ለጊዜው ብዬ ጠረጴዛ ላይ ጥያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ሳጥን ይሞታል፤ ዳንቴል ባይኖርም አንድ ቀን ይሞታል። ጥፋቱ ሌላ ነው። ግርማ ሦስትን አውጣ አለ፤ ስክሪኑ ወጥቷል አለ። ስክሪኑ የነገረን እኛ ያልነውን ነው፤ ታች ያለው የመለሰውን አይደለም። እኔም በዚያ አምኜ ገባሁ።»

እኔም ሳላስበው፣ «አባትሽ እኮ መልስ ሳይሰማ ቫልቭ አይነካም ነበር» አልኳት።

ሥራ አስኪያጁ «እንዴት ነው እሱ?» አለኝ፤ እኔም አንድ ሲመታ አንድ፣ ሁለት ሲመታ ሁለት፣ ያን ሁሉ ለተማሩት ሰዎች ወለል ላይ ተቀምጬ አስረዳሁ። ልጄ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።

ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ፈረምኩ። ከሥራ ግን አልወጣሁም። ነገሩም ተስተካከለ። ዛሬ እኛ ፋብሪካ ማንም ሰው ታንከር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውሃው የሚመጣበት ቧንቧ በእጅ ተዘግቶ ይቆለፋል፤ ቁልፉን የሚገባው ሰው በኪሱ ይዞት ይገባል። አፉ ላይ የሚቆመው ሰው የንጉሥ መኪና ቢመጣ ንቅንቅ አይልም። ስክሪኑም ታች ያለው «ሰማሁ፣ አድርጌያለሁ» ብሎ ካልመለሰ ወጥቷል አይልም፤ ወሬው ከተቋረጠ ቀይ ይሆናል፣ ድምፁንም ማጥፋት አይቻልም። ሳጥኗ ወደ ቁም ሣጥኗ ተመልሳለች። እኔም አልፌ ስሄድ በመስታወቱ መብራቶቹን አያለሁ። ይንሾካሾካሉ። አልነካቸውም።

ይህን የምታነቡ፣ ድሮ ይሻል ነበር ለማለት አይደለም የጻፍኩት። ድሮውን እወደዋለሁ፤ ባሌ ያለበት ስለሆነ ነው የምወደው እንጂ፣ የቶለሳ ክንድ ላይ የእንፋሎት ጠባሳ ያልነበረበት ቦታ አልነበረም። ዳንቴል የሠራሁትም በክፋት አይደለም። ግን የምትወዱትን ነገር ከመሸፈናችሁ በፊት ይተነፍስ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ነው ያለበስኩት። «ወጥቷል» ሲሉኝም ሳልጠይቅ ነው ልጄን መሰላሉ ላይ ሸኝቼ ደረጃ የወጣሁት።

ፍርሃቴ አልጠፋም፤ ሊጠፋም አይደለም። ግን በየግማሽ ሰዓቱ መደወሉን ተውኩ። በስልክ «ደረስኩ» ሲባል ልቤ የሚያርፈው ለአፍታ ነው። አሁን እኔና ሌንሳ ሌላ ነገር አለን።

ቅዳሜ ከሰዓት ከቡራዩ ትመጣለች። መጥሪያ አለን፤ አትነካውም። የቆርቆሮ በራችንን በቁልፏ አንድ ጊዜ ትመታለች። ጎረቤቴ «ልጅሽ ውጭ ቆማለች፣ ለምን ቶሎ አትከፍቺላትም?» ትለኛለች። እኔ ግን መጀመሪያ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን የተጣመመ ማፈሻ አነሳለሁ። ለቅዳሜ ከሥራ ይዤው እመጣለሁ።

አንድ ጊዜ እመልስላታለሁ። ከዚያ ነው የምከፍተው።